ከኮንጋ የሚወርደው ውሃ ወዴት ይሄዳል?



እንደሚታወቀው ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ የተሻገሩት ቀይ ባሕር፣ በጥንታዊ የመቃብር ጽሑፎቻቸው የታወቁት የዳህላክ ደሴቶች፣ በዙሪያቸው ያለው የኮራል ዓለምና የባሕር ኤሊው ሁሉ ዛሬ በጎረቤት አገር ክልል ውስጥ ነው። ስለሆነም በመማሪያ መጽሐፍ ላይ «የውሃ ውስጥ ብሔራዊ ፓርክ» የሚል ርዕስ ሲያጋጥመን፣ የኬንያ ወይም የግብፅ ጉዳይ ነው ብለን ገጹን መግለጥ ይቀናናል። ተማሪዎቻችንም የሻርክን ስም ያውቃሉ፤ ከተራራው ማዶ ስላለው አዞ ግን ከወሬ በቀር የሚያውቁት የለም።

ነገር ግን ባሕር ባይኖረንም፣ ከክልሉ አንድ ሰባተኛ የሚሆነው ውሃ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ አለን። ያውም ሩቅ አይደለም። ነጭ ሣር ይባላል፤ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከፊል ይዞ በአርባ ምንጭ ከተማ ሥር ተዘርግቷል። ከጌዴኦ ደጋ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ቆሞ አየሩ ጥርት ያለ ቀን ወደ ታች የተመለከተ ሰው የአባያን ውሃ ያየዋል። ለወፍ ቅርብ ነው፤ ለሰው ግን መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ወይ በሐዋሳና በሶዶ፣ ወይ በሐገረ ማርያምና በኮንሶ መዞር ግድ ይላል። የእኛ የኮንጋ ሰዎች አባያን ሳናየው የምናረጀው ለዚህ ይሆናል።

እኛ ባንሄድም ውሃችን ይሄዳል። ከጌዴኦ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች በጊዳቦና በገላና ተሰብስበው አባያ ይገባሉ። በጓሯችን የፈሰሰ የዝናብ ውሃ፣ ከቡና ማጠቢያው የወጣ እጣቢ፣ ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ዞሮ ዞሮ መድረሻው እዚያው ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ነጭ ሣር እንስሳትና መኖሪያቸው ለማውራት የተነሳሳነው አንድም የአላህን ጥበብ በቅርባችን ለማየት፣ አንድም ይህን የውሃ ዝምድና ለማሳሰብ ነው።

ሁለት ሐይቅ፣ ሁለት ቀለም

ፓርኩ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. በ1974) ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 78 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ ውሃ ነው። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 1,108 ሜትር፣ ከፍተኛው 1,650 ሜትር ይደርሳል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው ጠባብ ኮረብታማ መሬት ነው። የአካባቢው ሕዝብ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። በዚያ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞር ሁለት ሐይቅ በአንድ ጊዜ ያያል፤ የሚያስገርመው ደግሞ ቀለማቸው አለመመሳሰሉ ነው።

አባያ ቀይ ነው። የተፈጨ ሸክላ የተበጠበጠበት ይመስላል። ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ይህ የሆነው አባያ ከየደጋው በሚመጣ ደቃቅ አፈር የተሞላ ስለሆነ ነው። አፈሩ እጅግ የላመ በመሆኑና ውሃው ጥልቀት ስለሌለው፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይበጠበጣል እንጂ አይጠልም። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ትልቁ የሆነው አባያ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትሮች ነው፤ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ ከ13 ሜትር ብዙም አያልፍም። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች ስለማይወርድ በዓይን የማይታዩት የውሃ አትክልቶች እንደልብ አይበቅሉም። እነርሱ ካነሱ እነርሱን የሚበላው ዓሣ ያንሳል፤ ዓሣው ካነሰ ዓሣ በሎቹ ያንሳሉ። ጫሞ በስፋት ከአባያ ቢያንስም በዓሣ ሀብቱ የበለጠ ስመ ጥር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንባቢያን ይህን የአፈር ነገር ልብ ይበሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ እዚህ ሲደርስ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በድሮ ካርታዎች ላይ ስሙ እስካሁን ይታያል። ሐይቁ ግን ከንግሥቲቱ በፊትም ስም ነበረው።

ጥንት ውሃው በጣም በሞላበት ዘመን አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞም በሰገን በኩል ወደ ደቡብ ይፈስ እንደነበር የመሬት ጥናት ሊቃውንት ይናገራሉ። ለዚህም ምስክር የሚሆኑት ዓሦቹ ናቸው። በእነዚህ ሐይቆች ውስጥ ናይል ፐርች አለ፤ ስሙ እንደሚያመለክተው የአባይ ተፋሰስ ዓሣ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከእርሱ ጋር ቆሮሶ፣ አምባዛና ጥርሰ ስለታሙ የነብር ዓሣ ይገኛሉ። አንድ ዓሣ ተራራ አቋርጦ በእግሩ አይመጣም። ውሃው በአንድ ወቅት ተገናኝቶ ነበር ማለት ነው። ሱብሐነላህ! ስንት ሺህ ዓመት ያለፈበት የውሃ መንገድ በዓሣ አካል ተጽፎ ይገኛል።

ከአርባው ምንጭ ሥር

አርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ከዚያው ነው። ምንጮቹ ወጥተው በሚረጩት መሬት ላይ የበቀለው ደን ከሌላው ደን ልዩ ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ስለሚያገኝ በበጋም ይለመልማል። ሾላው ሰማይ ጠቀስ ነው። ግንዱን አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ላያቅፈው ይችላል። ከላይ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያርገበገበ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ከታች ዝንጀሮና ጦጣ የወደቀውን የሾላ ፍሬ ይለቅማሉ፤ ድኩላና ከርከሮ ከጥሻው ብቅ እያሉ ይመለሳሉ። በቆላው ሙቀት ሲቃጠል ቆይቶ ወደዚህ ጥላ የገባ ሰው መስጊድ ውስጥ የገባ ያህል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ደን ለከተማዋ በር ስለሆነ ችግሩም ከበሩ ነው የሚጀምረው። ማገዶ ለቃሚው፣ እንጨት ቆራጩ፣ ከብት ነጂው ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እዚህ ነው። ሸክም እንጨት ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትወጣ እናት አጥፊ ናት ለማለት ምላሳችን አይታዘዝልንም። የምታበስልበት ሌላ ነገር ብታገኝ ያን ዳገት አትወጣውም።

አዞ፣ ጉማሬና ዓሣ በል ንስር

የቁልፎ ወንዝ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ «አዞ ገበያ» የሚባል ቦታ አለ። የሚገዛም የሚሸጥም የለም። አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ በአሸዋው ላይ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ የወጣለት ስም ነው። የጫሞ አዞ ከአምስት ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሊውጥ ፈልጎ አይደለም፤ ላብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት መንገድ ነው። ደሙ እንደ እኛ ራሱን አያሞቅም። ስለዚህ ጧት ከውሃ ወጥቶ ይሞቃል፣ ሲግል ተመልሶ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ግን እናትነቱ ነው። ሴቷ አዞ ከውሃው ፈቀቅ ባለ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ከ25 እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል ትጥልና ትቀብረዋለች። ከዚያ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አጠገቡ ትጠብቃለች። አርጃኖ እንቁላሉን ቆፍሮ ለመብላት ያደባል፤ እርሷ ለአፍታ ዘወር ካለች አለቀ። ጊዜው ሲደርስ ጫጩቶቹ ገና ከቅርፊቱ ሳይወጡ ከአሸዋው ሥር ይጮኻሉ። እናትየዋ ድምፃቸውን ሰምታ ትቆፍራለች፤ ያንን አጥንት የሚሰብር መንጋጋዋን ከፍታ ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ውሃው ታደርሳለች። አንድም አይጨፈለቅም። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነውም በአሸዋው ሙቀት ነው፤ ጎጆው ቀዝቀዝ ካለ ሴቶች ይበዛሉ፣ ሞቅ ካለ ወንዶች። በዳርቻው ያለው ዛፍና ሣር ሲመነጠር የአሸዋው ሙቀት እንደሚለወጥ ማሰብ አያዳግትም። አንድ ዛፍ መቁረጥ ስንት ነገር እንደሚያናጋ ከዚህ ይታያል።

በአርባ ምንጭ ከ1976 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዞ እርባታ ጣቢያ አለ። እንቁላል ወይም ጫጩት ከሐይቁ እየተሰበሰበ በገንዳ ያድግና ቆዳው ለገበያ ይቀርባል። ቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ጎብኚዎች አዞን ያለ ስጋት የሚያዩት እዚያ ነው። በነገራችን ላይ «አዞ ይበላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዓሣ ያለ መታረድ ሐላል መሆኑ ላይ ክርክር የለም። አዞን በተመለከተ ግን በእኛ አካባቢ በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ የጎላው አስተያየት አይፈቀድም የሚል ነው፤ ማሊኪዮች ግን የውሃ እንስሳ ነው ብለው ይፈቅዱታል። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን።

የአባያ አዞ ከጫሞው ይልቅ ሰው ይደፍራል ሲሉ የአካባቢው ሰዎች ይናገራሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም «ዓሣ ስለማይጠግብ ነው» ይላሉ። በቀላል የውሃ ዳር እንጨት በተሠራ ታንኳ፣ እግሩ ውሃውን እየነካ ወደ መረቡ የሚቀዝፍ ዓሣ አስጋሪ ሕይወቱ በዚህ ንግግር እውነትነት ላይ የተንጠለጠለች ናት።

ጉማሬ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጣል። ከሣር ሜዳ የበላውን ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይጥለዋል። ፍጉ ውሃውን ያዳብራል፤ ትንንሾቹ ነፍሳትና ዓሦች ከዚያ ይመገባሉ። ስለዚህ ጉማሬ ከየብስ ወደ ውሃ ማዳበሪያ የሚያመላልስ ተሸካሚ ነው ማለት ይቻላል። ያለ ክፍያ፣ በየሌሊቱ። ነገር ግን የሐይቁ ዳር በቆሎና ሙዝ በለበሰ ቁጥር የጉማሬው መንገድ የገበሬው ማሳ ይሆናል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ከአእዋፍ ወገን በፓርኩ ከ300 በላይ ዓይነት ተመዝግቧል። ዓሣ በል ንስር ደረቱና ራሱ ነጭ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነው፤ ከዛፍ ጫፍ ላይ ተወርውሮ ዓሣውን በጥፍሩ ብቻ ነጥቆ ይነሳል። ፔሊካኖች በቡድን ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ዳር እየከበቡ ይበላሉ። አባ ኮዳም በለመደው የሽማግሌ አቋም የአስጋሪዎቹን ትራፊ ይጠባበቃል። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ከሩቅ አገር የሚመጡ ስደተኛ ወፎችም ከእነዚህ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ያለ ካርታና ያለ ይለፍ ወረቀት።

ነጩ ሣር

ፓርኩ ስሙን ያገኘው ከሐይቆቹ ምሥራቅ ከተዘረጋው ሜዳ ነው። በበጋ ሣሩ ደርቆ ከሩቅ ሲታይ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከጀርባው የአማሮ ተራሮች ቆመዋል። በሜዳው የሜዳ አህያ በመንጋ ይግጣል። አጋዘንና ሚዳቋ ቁጥቋጦውን ይመርጣሉ።

የቆርኬው ታሪክ ግን ያሳዝናል። ስዌይን የሚባለው የቆርኬ ዝርያ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ቀድሞ በሶማሌ ሜዳዎች ላይ በብዙ ሺህ ይታይ ነበር፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የገባው የከብት በሽታና አደን ጨረሱት። ፓርኩ በተቋቋመበት ጊዜ ዝርያው በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀር በማሰብ ከሰንቀሌ ወደ ነጭ ሣር እንዲዛወር ተደረገ። ሰንቀሌ ላይ በአላህ ፈቃድ ተርፎ ይገኛል። ነጭ ሣር ላይ ግን ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዶ በጣት ወደሚቆጠር ወረደ። ሜዳው በቁጥቋጦ እየተወረረ ሄደ፣ የከብቱ ቁጥር በዛ፣ ጥጃውን ጅብና ቀበሮ በላው። ምክንያቱ አንድ አይደለም።

በዚሁ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተማራማሪዎች በመኪና ተገጭታ የሞተች አንዲት ወፍ ያገኛሉ። የሌሊት ወፍ የምንላት አይደለችም፤ በሌሊት እየበረረ ነፍሳት የሚለቅም የእውነተኛ ወፍ ወገን ናት። አካሏ ፈራርሶ ሊወሰድ የሚችለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ያ አንድ ክንፍ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር የወፍ አፍቃሪዎች በሌሊት ባትሪ ይዘው ሜዳውን ሲያስሱ ኖረዋል። ሊቃውንቱ ስለ ዝርያው ማንነት ሲከራከሩ ቆይተዋል። ለእኛ የሚገርመን ግን ክርክሩ ሳይሆን፣ አንድ ክንፍ ይህን ያህል ሰው ከዓለም ዳር እስከ ነጭ ሣር ማምጣቱ ነው። እኛ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለነው ስንቶቻችን ሄደናል?

ክልል ለማን ይከለላል?

ስለ ፓርክ ሲወራ ስለ ሰው ማውራት ግድ ነው። የጉጂ ከብት አርቢዎችና የኮሬ ገበሬዎች በዚህ መሬት ላይ ፓርክ የሚባለው ስም ከመምጣቱ በፊት ነበሩ። በአባያ ላይ ባለችው በጊዲቾ ደሴትም የባይሶ ሰዎች ከሐይቁ ጋር ኖረዋል። ፓርኩ ከተመሠረተ ጀምሮ ነዋሪዎችን የማስወጣት ሙከራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተደርጓል፤ የተወጣውም ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2004 አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ አስተዳደሩን ለመረከብ ቢስማማም፣ የነዋሪዎቹ ጉዳይ መፍትሔ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2008 ትቶ ወጣ። ከዚያም በኋላ ቁርሾው አልጠፋም።

ውድ አንባቢያን! ክልል መከለል ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በሸሪዓችን «ሒማ» ይባላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ወጣ ብሎ የሚገኘውን አን-ነቂዕ የተባለ መስክ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለው ነበር። መዲናንም ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ሐረም አድርገዋታል። ይህ የሆነው ብሔራዊ ፓርክ የሚለው ስም በዓለም ከመሰማቱ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው።

ከዚህ ጋር የሚጠቀስ አንድ ታሪክ በሐዲስ መጻሕፍት አለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የባለጠጎቹን የእነ ኢብኑ ዐውፍንና የእነ ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ምክንያታቸውንም ነገሩት፦ ባለጠጋው ከብቱ ቢሞትበት የሚመለስበት እርሻና የተምር አትክልት አለው፤ ድሃው ግን ያለችው ካለቀችበት ልጆቹን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ ያኔ ወርቅና ብር ከምሰጠው ዛሬ ሣርና ውሃ መስጠት ይቀለኛል የሚል ነው። ይህን ባነበብን ቁጥር የሚታየን የነጭ ሣር አጥር ነው። በሚያጥረን ጊዜ ሁሉ አጥር ቀድሞ የሚያቆመው ሁለት ላም ያለውን ሰው ነው። መቶ ከብት ያለው፣ ከሰል በመኪና የሚያስጭነው፣ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ አከማችቶ ለአስጋሪ የሚያከራየው ግን መንገድ አያጣም። እኛ በበኩላችን ፓርኩ እንዲጠበቅ አጥብቀን እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ጥበቃው የዑመርን ቅደም ተከተል ካልተከተለ አይሰነብትም የሚል እምነት አለን።

የመረቡን ነገር ካነሳን፣ ጫሞ ላይ ናይል ፐርች እንደ ቀድሞው አይወጣም። ደቃቅ ዓይን ያለው መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ይዞ ይወጣል። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን እንደሚያጭድ ለጌዴኦ ሰው አንነግረውም።

የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጌዴኦ በአንድ ነገር ሊኮራ ይገባዋል። ተዳፋቱን ሳያራቁት፣ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከመሃል ቡና፣ ከሥር እንሰት አድርጎ የኖረ ሕዝብ ነው። ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠል ላይ፣ ቀጥሎ የእንሰት ኮባ ላይ፣ በመጨረሻ የረገፈ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ አፈሩን ሳይገርፍ ይሰርጋል። በዚህ ምክንያት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙዎቻችን ዜናውን ስንሰማ «ምን አዲስ ነገር ሠራንና?» ብለን ነበር። አዲስ ነገር አልተሠራም፤ አባቶች የሠሩት ነው የታየው። አባያ ከእኛ በኩል ከዚህ የባሰ ያልቀላው የዚያ ጓሮ ዛፍ ስላለ ነው ብንል አላጋነንም።

ይሁን እንጂ መሬቱ እየጠበበ ነው። ለአራት ልጅ የተከፈለ ጓሮ ለልጅ ልጅ ሲከፈል ዛፉ ይቆረጣል። የአንዳንዱ ማሳ እንሰት እየተነቀለ ጫትና ባሕር ዛፍ እየገባበት ነው። በክረምት ወንዞቻችን የሚይዙትን ቀለም ያየ ሰው አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቡና እጣቢ ነው። ይህን ስንጽፍ ብዙ ወዳጆቻችን ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን፤ የይርጋ ጨፌና የኮንጋ ቡና በዓለም የሚጠራው ታጥቦ ነውና፣ እንጀራችንም ከዚያው ነው። እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም ወደ መፈልፈያ ይገባል። ቀዩ ገለፈት ይላጣል፤ ፍሬው በላዩ የያዘው የሚያዳልጥ ልጋግ እንዲለቅ በገንዳ ለሁለት ቀን ያህል ይብላላል፤ ከዚያ በቦይ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ጉዳቱ ያለው በገለፈቱና በልጋጉ ውሃ ላይ ነው። መርዝ ስላለበት አይደለም፤ ስኳር ስላለበት ነው። ስኳሩ ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ይረባረቡበታል፤ እርሱን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። አየር ያጣ ውሃ ዓሣም፣ የውሃ ነፍሳትም አይኖርበትም። ውሃው ይኮመጥጣል፣ ይጠቁራል፣ ይገማል። ከብት አሽትቶ የሚመለስበትን ወንዝ እኛም ታች ሠፈር ያሉ ቤተሰቦች ሲቀዱበት ዓይተናል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሚቀዱበት ውሃና በሚያርፉበት ጥላ ላይ መጸዳዳትን አጥብቀው እንደከለከሉ፣ በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ ውዱእ ሲደረግ ውሃ እንዳይባክን እንዳስተማሩ ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ታዲያ የአንድ ሰው ቆሻሻ እንዲህ ከተከለከለ፣ የመፈልፈያ ሙሉ እጣቢ ምን ሊባል ነው? ይህን ጥያቄ ከአንድ ባለ መፈልፈያ ጋር አንስተን ስንነጋገር፣ «ወንዙ ይወስደዋል» ሲል መለሰልን። እውነቱን ነው፤ ይወስደዋል። የሚወስደው ግን ወደ ሌላ ሰው ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። እጣቢውን ከወንዙ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እያቆዩ ማጥለል ይቻላል። ቬቲቨር የተባለውን ረጅም ሥር ያለው ሣር በረድፍ ተክሎ ውሃውን በመካከሉ ማሳለፍ ይቻላል። አነስተኛ ውሃ የሚፈልጉ አዳዲስ መፈልፈያዎችም አሉ። ገለፈቱ ደግሞ ከአመድና ከእበት ጋር ተከምሮ ሲብላላ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ቡናው ያስወጣው ጉልበት ወደ ቡናው ሥር ይመለሳል ማለት ነው። በማኅበር የተደራጁ አርሶ አደሮች የማኅበራቸውን መፈልፈያ «ጉድጓዱ የት ነው?» ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው።

ለቤተሰብና ለመምህራን ደግሞ እኛ ከተማሪዎቻችን ጋር የምናደርገውን ቀላል ሙከራ እናካፍል። በለቀማ ወራት ሁለት ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። አንዱ ከመፈልፈያው በላይ ካለው ወንዝ፣ ሌላው ከመፈልፈያው በታች ይሞላ፤ ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ማንም አይቅመስ። በየጠርሙሱ ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፍ። መስኮት ላይ ተቀምጠው አንድ ሌሊት ይደሩ። ጧት ላይ ከሥር የተኛው ደለል በማስመሪያ ይለካና በደብተር ይመዝገብ፤ ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ሽታው ይነጻጸር። በወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ነፍሳትም ከላይና ከታች ይቆጠሩ፤ ንጹሕ ውሃ የሚወዱት ከታች በኩል ይጠፋሉ። ይኸው በሰኔ፣ ዝናቡ ከከበደ በኋላ፣ ይደገም። በሰኔ ሽታው ይቀንሳል፣ ደለሉ ግን ይበዛል። ያለፈው ዓመት ደብተር ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ልጆቹ ራሳቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም የመፈልፈያውን ባለቤት ስም ነው።